አድራጊው ነጻ ሲወጣ ያነሳሳውስ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የሕግ ተማሪ ነኝ። በወንጀል ሕግ ስለ መከላከያዎችም፣ ስለ ግብረ አበርነትም ተምረናል። ግን ለየብቻ ነው የተማርነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ይምታታብኛል። ድርጊቱን በእጁ የፈጸመው ሰው ሕፃን ነው፣ ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፣ ወይም ራሱን ሲከላከል ነው ተብሎ ነጻ ከወጣ፣ ያነሳሳው ወይም የረዳው ሰው ምን ይሆናል? ጓደኞቼ ‹ወንጀል ከሌለ ግብረ አበር ከየት ይመጣል?› ይሉኛል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ተገድዶ የረዳ ሰውስ?»

ልብሽ እምቢ ያለው በደህና ምክንያት ነው። ጓደኞችሽም ግን ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ግብረ አበርነት ጥገኛ ኃላፊነት ነው። አነሳሹ ሐሳቡ ያልነበረውን ሰው ለወንጀል ያነሳሳል። አባሪው ደግሞ ሐሳቡ ያለውን ሰው በምክር፣ በመረጃ ወይም በመሣሪያ ያግዛል። ሁለቱም ድርጊቱን በእጃቸው አልፈጸሙም። የሚጠየቁት ሌላ ሰው ባደረገው ነገር ነው። ስለዚህ «ሌላው ሰው ጥፋት ከሌለበት እነሱስ በምን ይጠየቃሉ?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው።

ስህተቱ ያለው «ነጻ ወጣ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ ችሎት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል ነጻ ሊወጡ ይችላሉ። ነጻ የወጡበት ምክንያት ግን ጨርሶ የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። አንዱን ሕጉ «ያደረግኸው ነገር ልክ ነው» ብሎት ነው የወጣው። ሌላውን «ያደረግኸው ነገር ልክ አይደለም፤ አንተን ግን ልወቅስህ አልችልም» ብሎት ነው። የመጀመሪያው መከላከያ (ተከሳሹን ነጻ የሚያወጣው ምክንያት ማለቴ ነው) ድርጊቱን ያጠራል። ሁለተኛው ሰውየውን ይምራል። የግብረ አበሩ ዕጣ የሚወሰነው አድራጊው ከሁለቱ በየትኛው በር እንደወጣ ነው።

ይህን ለመለየት እኔ የምጠቀምበት አንድ ጥያቄ አለ። «ጥቃቱ የደረሰበት ሰው በዚያች ሰዓት መልሶ ቢከላከል ሕጉ ይፈቅድለት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። በብዙ ጉዳዮች ላይ ሞክሬዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ያሳያል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ቢላ ይዞ ሊወጋሽ ይመጣል። ጎረቤትሽ ዱላ ያቀብልሻል። አንቺም ቢላ የያዘውን እጅ ትመቺዋለሽ፤ አጥንቱ ይሰበራል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ የአካል ጉዳት ማድረስ ነው። እዚህ ግን ራስን መከላከል ነው። ያ ሰው «እጄን ስለመታችኝ ራሴን ተከላክዬ ወጋኋት» ማለት ይችላል? አይችልም። በሕጋዊ መከላከል ላይ መከላከል የለም። ስለዚህ ያንቺ ድርጊት ጠርቷል፤ የጠራውም ለሁሉም ነው። ዱላ ያቀበለሽ ጎረቤት የረዳው ወንጀልን አይደለም። ሰውየውን ድሮም ይጠላው ነበር እንበል። እጁ ሲሰበር በሆዱ ደስ ብሎት ይሆናል። ያም ቢሆን ጥላቻው ብቻውን ወንጀለኛ አያደርገውም፤ የሚጣበቅበት ሕገ ወጥ ድርጊት የለማ። በዚህ በር ላይ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው።

አሁን ምሳሌውን ገልብጪው። ቢላ ይዞ የመጣው ሰው በጽኑ የአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን አያውቅም። ፍርድ ቤት ቢቀርብ አይቀጣም። አንቺ ግን ቆመሽ የመወጋት ግዴታ አለብሽ? የለብሽም። እ.ኤ.አ. የ1860ው የሕንድ የወንጀል ሕግ ይህን በአንቀጽ 98 በግልጽ ጽፎታል። አጥቂው በዕድሜው፣ በአእምሮ ሕመሙ፣ በስካሩ ወይም በስህተቱ ምክንያት ወንጀለኛ ባይባልም፣ ተጠቂው ልክ ወንጀለኛ እንዳጠቃው ሁሉ የመከላከል መብት አለው ይላል። ምክንያቱን ልብ በይ። ሕመሙ ሰውየውን ከወቀሳ አዳነው እንጂ መውጋትን ልክ አላደረገውም። ድርጊቱ ሕገ ወጥ ሆኖ እዚያው ቁጭ ብሏል። «ሂድና ውጋት» ብሎ የላከው ጤነኛ ሰው ካለ፣ እሱን የሚጠብቀው ያ ሕገ ወጥ ድርጊት ነው።

ያው የሕንድ ሕግ ለጥያቄሽ ቀጥተኛ መልስ አለው። አንቀጽ 107 ግብረ አበርነትን በ3 መንገድ ይተረጉመዋል፦ በማነሳሳት፣ በማደም፣ አውቆ በመርዳት። ከዚያ አንቀጽ 108 ማብራሪያ 3 ይመጣና፣ የተነሳሳው ሰው በሕግ ወንጀል ለመፈጸም የሚችል መሆኑ ግድ አይደለም ይላል። አነሳሹ ያለው ክፉ ሐሳብ በተነሳሳው ሰው ላይ መኖሩም ግድ አይደለም። ሕጉ እዚያው ምሳሌዎች ይሰጣል። አንድ ሰው የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው መኖሪያ ቤት እንዲያቃጥል ያነሳሳዋል። ያቃጠለው ሰው ወንጀል አልፈጸመም፤ ያነሳሳው ግን ጥፋተኛ ነው። ሌላው ምሳሌ የበለጠ ይመስጠኛል። ሊሰርቅ ያሰበ ሰው የሌላ ሰው ዕቃ እያሳየ «የኔ ነው፣ አምጣልኝ» ይላል። የተላከው አምኖ ያመጣል። በተላከው ዘንድ ስርቆት የለም፤ ላኪው ግን ስርቆትን በማነሳሳት ይጠየቃል። ያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአዲስ ተተክቷል። ይህ አስተሳሰብ ግን አብሮ አልተሻረም።

በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም መልሱ በሁለት በኩል ይመጣል። በአንድ በኩል አንቀጽ 41 አለ። ቅጣትን የሚያስቀሩ፣ የሚያቀልሉ ወይም የሚያከብዱ ግላዊ ሁኔታዎች ከአንዱ ተካፋይ ወደ ሌላው አይተላለፉም ይላል። ሕመሙ የታማሚው ነው፤ ልጅነቱም የልጁ ነው። ማንም ሊዋሰው አይችልም። በሌላ በኩል አንቀጽ 32 አለ። ኃላፊነት የሌለበትን ወይም ነገሩን የማያውቅ ሰው ለወንጀሉ መሣሪያ ያደረገ ሰው አነሳሽ ሳይሆን ራሱ ዋና ወንጀል አድራጊ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ ብዙ ተማሪ ዘሎት ያልፋል። አንቺ እንዳትዘይው። ጓደኞችሽ «ዋናው የለም» ሲሉ ዋናው ከጀርባ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሕፃናት ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ድንበሩ ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። በእንግሊዝ 10፣ በጀርመን 14 ነው። የ1860ው የሕንድ ሕግ 7 ብሎ፣ ከ7 እስከ 12 ላለው ልጅ ደግሞ ማስተዋሉ ይታያል ይላል። ቁጥሩ የትም ቢሆን ላኪውን አይመለከተውም። እንዲያውም ልጅን መላክ ነገሩን ያከብድበታል እንጂ አያቀልለትም።

ሰውን መሣሪያ ስለማድረግ ካነሳን፣ ሁልጊዜ ለተማሪዎች የምነግረውን የእንግሊዝ ጉዳይ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን ልትገድል ፈለገች። ሕፃኑን ለምትንከባከበው ሴት «መድኃኒት ነው፣ ስጪልኝ» ብላ ኦፒየም ያለበት መርዘኛ ፈሳሽ ሰጠቻት። ሴትየዋ ልጁ መድኃኒት አያስፈልገውም ብላ ሳትሰጠው አስቀመጠችው። በኋላ የሴትየዋ የራሷ የ5 ዓመት ልጅ ከተቀመጠበት አንስቶ ለሕፃኑ አጠጣው። ሕፃኑ ሞተ። እስቲ አስቢው። ሴትየዋ አላወቀችም፣ የ5 ዓመቱ ልጅም አላወቀም። እናትየዋ ልጁን አልላከችውም፤ አላናገረችውምም። ፍርድ ቤቱ ግን እናትየዋን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ አላት። በመካከል ያለፉት እጆች ንጹሕ ስለሆኑ ጥፋቱ ከመጀመሪያዋ እጅ አልተላቀቀም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። በመካከል ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ካልሆነስ? ከፊሉን ቢያውቅስ? ስለዚህ ጉዳይ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 የወሰነው ጉዳይ አለ። «የድመት ንጉሥ» በሚል ስም ይታወቃል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ሆነው አንድን ፖሊስ፣ የድመት ንጉሥ የሚባል ክፉ ኃይል አለ፤ አንዲት ሴት ካልተሠዋችለት ሚሊዮኖች ሰዎች ይሞታሉ ብለው አሳመኑት። የተመረጠችው ሴት ደግሞ የአሳማኟ የቀድሞ ፍቅረኛ ያገባት ነበረች። ፖሊሱ አመነ። ሄዶ በአበባ ሱቋ ውስጥ በቢላ ወጋት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

ፖሊሱ «የብዙዎችን ሕይወት ለማዳን ነው ያደረግኩት» አለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የሰው ሕይወት በቁጥር አይመዘንም፤ ስህተቱንም ማስወገድ ይችል ነበር አለው። ስለዚህ በግድያ ሙከራ ተቀጣ። ካሳመኑትስ ምን ተደረገ? የተለመደው መልስ «አድራጊው ራሱ ኃላፊነት ካለበት ከጀርባው ያለው አነሳሽ ነው» የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ከዚያ አለፈ። ያንን ስህተት አውቀው የፈጠሩትና የመሩት እነሱ ስለሆኑ፣ በእሱ እጅ እንደፈጸሙት ይቆጠራል፤ ዋና አድራጊዎች ናቸው አለ። እኔ በዚህ ፍርድ እስማማለሁ። የሰውን ጭንቅላት ተከራይቶ የገባ ሰው «እኔ የመከርኩት ብቻ ነው» ሊል አይገባም።

የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 26 አነሳሽን ሲተረጉም ስለ አድራጊው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አድራጊው ድርጊቱን አስቦበት መፈጸሙን፣ ድርጊቱም ሕገ ወጥ መሆኑን። አድራጊው የሚወቀስ ሰው መሆኑን አይጠይቅም። አንቀጽ 29 ደግሞ እያንዳንዱ ተካፋይ በራሱ ጥፋት ልክ ይቀጣል ይላል። ከላይ በሁለት በር ያልኩሽን እነሱ በሁለት አንቀጽ ጽፈውታል ማለት ነው።

አሁን በጣም የሚያምታታው ላይ ደርሰናል። በስህተት ራስን መከላከል። አንድ ሰው ጓደኛውን በምሽት ስልክ ደውሎ «ዛሬ ሊገድልህ እየመጣ ነው፣ መሣሪያ ይዟል፣ ቀድመህ ካላገኘኸው አለቀልህ» ይለዋል። ውሸት ነው። የሚመጣው ሰው ዕዳውን ሊከፍል ነው የሚመጣው። ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት ጓደኛው ተኩሶ ይገድለዋል። ተኳሹ አምኗል እንበል፤ ሁኔታውም ለማመን የሚያስገድድ ነበር። ሕጎች በፍሬ ነገር ላይ የተሳሳተን ሰው የሚዳኙት እሱ ባመነው ሁኔታ ስለሆነ ነጻ ሊወጣ ይችላል።

መለኪያ ጥያቄያችንን እናንሳ። ዕዳ ሊከፍል የመጣው ሰው ሊተኮስበት ሲል መልሶ ራሱን መከላከል ይችል ነበር? ያለ ጥርጥር። ምንም አላጠፋማ። ስለዚህ መተኮሱ አልጠራም፤ የተማረው ተኳሹ ብቻ ነው። ውሸታሙ ደግሞ እውነቱን ያውቃል። ስህተቱ የእሱ ስላልሆነ ሊጠለልበት አይችልም። በኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 32ን፣ በሕንድ ሕግ አንቀጽ 108ን፣ በእንግሊዝ ንጹሑን ሰው መሣሪያ የማድረግን አስተምህሮ ይዘሽ እሱ ዘንድ ትደርሻለሽ። በወረቀት ላይ «ራስን መከላከል» የሚለውን ቃል ብቻ ዓይተሽ ብታልፊ ግን ውሸታሙ ያመልጥሻል። በጥብቅና የመጀመሪያ ዓመታቴ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ እዚህ ላይ ሲንሸራተቱ አይቻለሁ። በእውነት ራስን መከላከልና የተከላከለ መስሎት መተኮስ በፍርዱ ላይ አንድ ስም ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ። ለግብረ አበሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ረዳቱ ራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ? ጩኸት ሰምቶ ሲሮጥ አንዱ ሌላውን ሲደበድብ ያያል። ተደብዳቢው ሌባ መስሎት በሩን ይዘጋበታል። ለካ ሌባው ደብዳቢው ነው። ይህ ሰው ወንጀልን ረድቷል? በእጁ አዎ፤ በሐሳቡ ግን አልረዳም። ግብረ አበርነት አውቆ መርዳትን ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 37 አባሪን ሲተረጉም አውቆ የረዳ ነው የሚለው።

«አውቆ» የሚለው ቃል እንግሊዞችን ብዙ ዘመን አስቸግሯል። ሁለት ሰዎች ሊሰርቁ ይወጣሉ፤ አንደኛው መንገድ ላይ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ይገድላል ብሎ አላሰበም፤ «ሊገድል ይችላል» የሚል ነገር ግን በአእምሮው አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ፍርድ ቤቶቹ ይህን መገመት ብቻውን ለግድያ ኃላፊነት ይበቃል ይሉ ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በጆጊ ጉዳይ ሕጉ ያን ጊዜ መንገድ ስቷል አለ። መገመት የሐሳብ ማስረጃ ነው እንጂ ራሱ ሐሳብ አይደለም፤ ለማነሳሳትም ሆነ ለመርዳት ማሰብ ያስፈልጋል ብሎ መለሰው። ከ30 ዓመት በላይ ሰዎች በዚያ መለኪያ ተፈርዶባቸዋል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ተገድዶ የረዳ ሰው። እዚህ መከላከያውን የሚያነሳው ራሱ ግብረ አበሩ ነው። ስለዚህ «የማን መከላከያ ለማን ይተላለፋል» የሚለው ጭንቀት የለም። ጥያቄው መገደድ ለየትኛው ወንጀል ይሠራል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የሊንችን ጉዳይ አየ። ታጣቂዎች በሞት አስፈራርተው መኪና እንዲነዳላቸው ያደረጉት ሰው ነው። እነሱ ሄደው አንድ ፖሊስ ገደሉ። በእጁ ያልገደለ፣ የረዳ ብቻ ሰው መገደድን እንደ መከላከያ ሊያነሳ ይችላል ተባለ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ያው ችሎት በሃው ጉዳይ ያንን ሻረው። በነፍስ ግድያ መገደድ መከላከያ አይሆንም፤ ለገዳዩም ለረዳቱም አለ። አንድ ሰው የራሱን ሕይወት ለማትረፍ የንጹሕን ሰው ሕይወት የመምረጥ መብት የለውም የሚል ነው መነሻው። የሕንዱ ሕግ አንቀጽ 94 ቀድሞውኑ ግድያንና በሞት የሚያስቀጡ በመንግሥት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ከመገደድ መከላከያ አውጥቷቸዋል።

እኔ ልንገርሽ፣ በሃው ፍርድ ልቤ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ጭንቅላቱ ላይ ሽጉጥ ተደግኖበት መሪ የያዘን ሹፌር ከገዳዩ እኩል ማስቀመጥ ይከብደኛል። የኢትዮጵያ ሕግ የተሻለ መንገድ የያዘ ይመስለኛል። አንቀጽ 71 ሊቋቋመው በማይችል አካላዊ ኃይል የተገደደን ሰው ከቅጣት ነጻ ያወጣል፤ የሚጠየቀው አስገዳጁ ነው። አንቀጽ 72 ደግሞ ሊቋቋመው ይችል የነበረን መገደድ ይዞ፣ ዳኛው የማስፈራሪያውን ክብደት፣ የተገደደውን ሰው ዕድሜና ሁኔታ እያየ ቅጣቱን እንዲያቀል ይፈቅድለታል። ሁሉንም ወይም ምንም የሚል አይደለም። ለዳኛው የሚመዝንበት ቦታ ይሰጠዋል። አስገዳጁ ግን በየትኛውም ሕግ አያመልጥም። ሌላውን እንደ ዱላ የተጠቀመ እሱ ነው።

ከመገደድ ጋር የሚቀራረብ አንድ ጉዳይ አለ፤ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የምትባል መርከብ ሰጠመች። አራት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ውቅያኖስ ላይ ቀሩ፤ ምግብም ውኃም የለም። ወደ 20 ቀን ገደማ ሲሆን ካፒቴኑ ደድሊና ስቲቨንስ የተባለው ባልደረባው የ17 ዓመቱን አገልጋይ ልጅ ገድለው ሥጋውን በሉ። ከቀናት በኋላ ሌላ መርከብ አገኛቸው። ፍርድ ቤቱ ረሃብና ችግር ግድያን አያጸድቅም ብሎ ሞት ፈረደባቸው፤ በኋላ ወደ 6 ወር እስራት ተለወጠላቸው። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለእነዚህ ሁለቱ ነው። እኔ የምልሽ ሦስተኛውን እዪው። ብሩክስ ይባላል። በግድያው አልተስማማም። ሲገድሉ ግን እዚያው ጀልባ ላይ ነበር፤ ከተገደለ በኋላም አብሯቸው በልቷል። ተከሳሽ ሆኖ ለፍርድ አልቀረበም። ምስክር ሆኖ ነው የቀረበው። በቦታው መገኘትና ከወንጀሉ በኋላ መጠቀም ብቻቸውን ማነሳሳትም መርዳትም አይደሉም። ከ2 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ የእንግሊዝ ዳኞች በሕገ ወጥ የቡጢ ግጥሚያ ተመልካቾች ጉዳይ ተመሳሳይ ነገር ብለው ነበር። ቆሞ ማየት ማበረታቻ ሊሆን ይችላል፤ ግን በማስረጃ መታየት አለበት እንጂ እንዲሁ አይገመትም።

ሐሳቡን ቀይሮ የወጣ ግብረ አበርስ? ብዙ ሰው «ትቼ ሄድኩ» ማለት የሚበቃ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ የታየ ጉዳይ ላይ፣ ለዘረፋ ቤት የገቡ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ለጓደኛው ቢላ ሰጠው። ሰው ሲመጣ ሰማና «ሰው መጣ፣ እንሂድ» ብሎ በመስኮት ዘሎ ሮጠ። የቀረው በዚያው ቢላ ሰው ገደለ። ፍርድ ቤቱ መውጣቱን አልቆጠረለትም። ቢላውን እሱ ነው የሰጠው፤ መልሶ ለመቀበል ወይም ለማስቆም ግን አልሞከረም። ያስገባሽውን እርዳታ ማውጣት፣ ቢያንስ ለማክሸፍ መሞከር ይጠበቅብሻል። ጊዜው ከሄደ በኋላ የሚመጣ ጸጸት ለቅጣት ማቅለያ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ከኃላፊነት አያወጣም።

የተነሳሳው ሰው ጨርሶ ምንም ባያደርግስ? ይህንን አልጠየቅሽም፤ ግን ከጓደኞችሽ ክርክር ጋር ይገናኛል። እዚህ ሕጎች ይለያያሉ። በኢትዮጵያ ሕግ አነሳሽም አባሪም የሚቀጡት ወንጀሉ ቢያንስ ከተሞከረ ነው፤ ጥገኝነቱ ጠበቅ ያለ ነው። በሕንዱ የ1860 ሕግ ማነሳሳቱ ብቻውን ይበቃል። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ያነሳሳ ሰው፣ ወንጀሉ ባይፈጸምም እስከ 7 ዓመት ሊታሰር ይችላል ይላል አንቀጽ 115። ጀርመን መሃል ላይ ናት፤ ለከባድ ወንጀሎች ብቻ የከሸፈ ማነሳሳትን ትቀጣለች።

ስካርን በአጭሩ። ተጠቂው ከሰካራም መልሶ መከላከል ስለሚችል መለኪያችን መልሱን ሰጥቶናል። የአድራጊው ስካር ነጻ ቢያወጣው እንኳ፣ አስክሮ የላከውን አያወጣም። የተጎጂ ፈቃድ ግን በሌላኛው በር ነው። ፈቃድ ድርጊቱን ወንጀል እንዳይሆን በሚያደርግበት ቦታ ሁሉ ረዳቱም ነጻ ነው። ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ካልተጠየቀ፣ መቁረጫ ያቀበለችው ነርስ አትጠየቅም።

ከመጨረሴ በፊት በሥራ ላይ ስትወጪ በጣም የሚያጋጥምሽን ልንገርሽ። አድራጊው ነጻ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በመከላከያ አይደለም፤ ማስረጃ ስላልበቃ ነው። መሞቱም፣ መጥፋቱም፣ ማን እንደሆነ አለመታወቁም አለ። ይህ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ከሁለቱም በሮች ጋር አትቀላቅይው። ማስረጃ ጎደለ ማለት ድርጊቱ ጠርቷል ማለት አይደለም። ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነበር ማለትም አይደለም። በግብረ አበሩ ጉዳይ ላይ ዐቃቤ ሕግ ወንጀሉ በሆነ ሰው መፈጸሙን፣ ተከሳሹም አውቆ ማነሳሳቱን ወይም መርዳቱን ራሱን ችሎ ማስረዳት አለበት። ካስረዳ የአድራጊው መጥፋት አያግደውም። ለዚህ ነው ፍርድ ስታነቢ ውሳኔውን ብቻ አንብበሽ እንዳትዘጊው የምልሽ። «ነጻ ነው» ከሚለው መስመር በላይ ወጥተሽ ዳኛው ምክንያቱን የጻፈበትን ገጽ አንብቢው። ለግብረ አበሩ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ያለው እዚያ ነው።